ከገፈርሳ ሜዳ እስከ አዲሱ ክንፍ

ክቡር አንባቢ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ወጥተው ወደ አስኮ የሚሄደውን አውቶቡስ ቢሳፈሩ፣ በጫማ ፋብሪካው የታወቀውንም ሰፈር አልፈው የአምቦን መንገድ ይዘው ጥቂት ቢጓዙ፣ ቡራዩን ተሻግረው ገፈርሳ ይደርሳሉ። ዛሬ ገፈርሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበትን ግድብ ነው። ነገር ግን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለው አይሮፕላን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ እያበረረው፣ ከከተማው በስተምዕራብ በሚገኘው በዚሁ በገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈ። የአገራችንም የአየር ጉዞ ታሪክ መነሻ ሆኖ የሚቆጠረው ይህ ቀን ነው።

ያ አይሮፕላን አካሉ ከእንጨት፣ ልባሱ ከሸራ የተሠራ፣ ክንፎቹም አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ነበሩ። ከዚያች ቀን እስከ ዛሬ መቶ ዓመት አልሞላም። ነገር ግን ታሪኩን ስንመረምር አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል፤ ይኸውም የአይሮፕላን ቅርጽ ብቻውን ተለውጦ የማያውቅ መሆኑ ነው። የሚያርፍበት ሜዳ፣ የሚጠግነው እጅ፣ የሚያበረው ሰው ዕውቀት፣ አብራሪው የሚመራበትም ጽሑፍ አብረው መለወጥ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ ዕዳው በሰው ሕይወት ይከፈላል። አሁን ደግሞ የዓለም መሐንዲሶች ከእስከ ዛሬው ሁሉ የተለየ ቅርጽ ይዘው እየመጡ ናቸውና፣ ይህን ታሪክ ከሥሩ ማስታወስ ይገባናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።

አስቀድሞ ስለ እጅ እንናገር። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረበት ወራት፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን እዚሁ ሠርቶ አበረረ። ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። አይሮፕላኗ በጦርነቱ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ብዙ ዘመን በዚያ ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከዚህ የምንረዳው፣ የአይሮፕላን ሥራ ለእኛ ከመግዛትና ከመሳፈር ያለፈ ነገር ሆኖ የተጀመረ መሆኑን ነው።

ከድል በኋላ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው ጉዞ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። በሥራ ላይ የዋሉት ሲ 47 የተባሉት፣ ለጦር ዕቃ ማመላለሻ የተሠሩ አይሮፕላኖች ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ዕቃውም በመካከል ይጫናል። ምቾቱ አነስተኛ ቢሆንም ቅርጹ ለአገራችን የተስማማ ነበር። ሰፊ ክንፉና ጠንካራ እግሩ በየጠቅላይ ግዛቱ ሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ ያስችለው ነበርና፣ በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን የሚያስኬደው መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። በመጀመሪያ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ለመሆን በቁ።

ቀጥሎ የመጣው የጄት ዘመን ነው። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ቢ የተባሉ ሁለት የጄት አይሮፕላኖች አስመጣ። የእነዚህ ክንፍ ወደ ኋላ የተቀለበሰ፣ ለፍጥነት የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ለመነሣትም ለማረፍም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። የልደታ አይሮፕላን ማረፊያ ለዚህ አልበቃም፤ ስለዚህ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ክንፍ የሚያገኘው ድጋፍ ይቀንሳል፣ ሞተርም ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ብዙ መንደርደር አለበት። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የክንፉ ቅርጽ ስለ ተለወጠ ማረፊያውን ከልደታ ወደ ቦሌ ማዛወር፣ አብራሪውንና ጠጋኙንም እንደ ገና ማስተማር ግድ ሆነ። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ጠይቋል፤ ቢሆንም በሚገባ ተከፈለ።

አሁን ወደ አዲሱ ቅርጽ እንምጣ። እስከ ዛሬ የምናውቀው የመንገደኛ አይሮፕላን በሁለት የሚከፈል ነው፤ መንገደኛውን የሚይዘው ድብልብልና ረጅም ገላ አንድ፣ በአየር ላይ የሚደግፈው ክንፍ ሁለት። ገላው ራሱ እምብዛም አያነሣም፤ ክንፉ ተሸካሚ በቅሎ፣ ገላው ጭነት ነው ብንል እንቀርባለን። አዲሱ አሳብ ግን ጭነቱ ራሱ ሸክሙን ያግዝ የሚል ነው። ገላው ጠፍጥፎና ሰፍቶ ከክንፉ ጋራ ይዋሐዳል፤ የት ላይ ገላው አልቆ የት ላይ ክንፉ እንደሚጀምር አይለይም። ከላይ ሲያዩት ክንፏን የዘረጋች ጭልፊት ይመስላል። አየር የሚፋተገው የገላ ስፋት ስለሚቀንስ ነዳጅ ይተርፋል ይባላል። በአሜሪካ አገር ጄትዜሮ የተባለው ኩባንያ 250 ያህል መንገደኛ ለሚይዝ እንዲህ ላለ አይሮፕላን የነዳጁ ፍጆታ እስከ ግማሽ ይወርዳል ይላል። የአሜሪካ አየር ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሙከራው አይሮፕላን 235 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል።

አሳቡ አዲስ ቢመስልም ታሪኩ ረጅም ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ዩንከርስ በክንፉ ውስጥ ሰውና ዕቃ ስለሚይዝ አይሮፕላን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የኖርዝሮፕ ኩባንያ ጅራት የሌለው፣ ሁለንተናው ክንፍ የሆነ የጄት ቦምብ ጣይ ሠርቶ አበረረ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1948 ከእነዚህ አንዱ በሙከራ ላይ ሳለ ወድቆ የነበሩበት አምስቱም ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ካፒቴን ግሌን ኤድዋርድስ ነበር፤ በካሊፎርኒያ ያለው ታላቁ የሙከራ ሠፈር የሚጠራው በስሙ ነው። ቦይንግና ናሳ ኤክስ 48 ቢ የተባለውን፣ ክንፉና ገላው የተዋሐደ፣ ሰው የሌለበት ትንሽ አይሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2007 ያበረሩትም በዚያው ሠፈር ነው። በሁለቱ መካከል ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ። ምክንያቱም ጅራት የሌለው አይሮፕላን በሰው እጅ ብቻ ሚዛኑን ለመጠበቅ አዳጋች ስለ ሆነ፣ በየቅጽበቱ የሚያስተካክለው ኮምፒዩተር እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት።

ሌላም ችግር አለ። በከፍታ ላይ በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ ድብልብል ገላ ይህን ግፊት በእኩል ይሸከማል፣ ጠፍጣፋ ገላ ግን ሊጎብጥ ይፈልጋል። ይህን ለመቻል ቀላልና ጠንካራ ቁስ ያሻል። አየር መንገዳችን በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንደ ካርቦን ክር ካሉ ከተዋሐዱ ቁሶች የተሠራ በመሆኑ፣ ጠጋኞቻችን ከቁሱ ጋራ ተዋውቀዋል። ደግሞም በአደጋ ጊዜ ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ክፍት ሆኖ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንዲችል ደንቡ ያዛል፤ እንደ አዳራሽ በሰፋ ገላ መካከል የተቀመጠውን መንገደኛ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማስወጣት ገና ማስረጃ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ክቡር አንባቢ፣ ይህ ሁሉ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን ይሉ ይሆናል። መልሱ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተሰጥቶናል። በዚያ እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አይሮፕላን ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም አለቁ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ሲሆን ከተረከብነው ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ምክንያቱ ከቅርጽ የተነሣ ነበር። ቦይንግ 737 መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ቁመቱ ወደ መሬት የቀረበ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው አዲሱ ሞተር ትልቅ ስለ ሆነ በክንፉ ሥር አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍቶ ተገጠመ። በዚህም የአይሮፕላኑ አፍንጫ በአንዳንድ ሁኔታ ወደ ላይ ወደ መቃናት አዘነበለ። ኩባንያው ይህን ለማረም አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚመልስ የኮምፒዩተር ሥርዓት አገባ። ሥርዓቱ የሚያምነው ግን አንድ መለኪያ ብቻ ነበር፤ መለኪያው ሲሳሳት ሥርዓቱም ተሳሳተ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ እስከ መጀመሪያው አደጋ ድረስ የዚህ ሥርዓት ነገር ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ ውስጥ አለመገለጹ ነው። የአሮጌውን ዓይነት የሚያውቅ አብራሪ ለአዲሱ የሚያስፈልገው በኮምፒዩተር የሚነበብ አጭር ትምህርት ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ማስጠንቀቂያ ቢወጣም የእኛን ወገኖች ለማትረፍ አልበቃም። ጫማ ሠሪ እንኳ የጫማውን ተረከዝ ከፍ ቢያደርግ የሰውየው አረማመድ እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ለባለ ጫማውም ይነግረዋል።

አየር መንገዳችን አደጋው በደረሰ ማግስት የዚህን ዓይነት አይሮፕላኖች ሁሉ አቆመ፤ አሜሪካ ያቆመችው ከዚያ በኋላ ነው። የበረራውን መዝገብ የሚይዙት ሣጥኖችም እንዲመረመሩ ወደ ፓሪስ ተላኩ። አየር መንገዱ ማክስን እንደ ገና ያበረረው ማስተካከያው ተመርምሮ ካለቀ በኋላ በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ነበር። ይህ ትዕግሥትና ድፍረት የተባበሩበት ሥራ ነው።

እርስዎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እንደ መሆንዎ መጠን ጉዳዩን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። ከፋይል አንዲት ገጽ ስትጎድል በስተመጨረሻ የማይታወቅ ሰው በማይታወቅ ቦታ ይጎዳል። ከ737 ማክስ መመሪያም የጎደለችው እንዲህ ያለች ገጽ ነበረች። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ ለሚሠራው ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የዲዛይን ውል ተፈርሟል። የአይሮፕላን ማቆሚያዎች በክንፍ ስፋት ይመደባሉ፤ እስከ 65 ሜትር አንድ ማዕርግ፣ እስከ 80 ሜትር ደግሞ ሌላ ነው። እንግዲህ ለአዲሱ ክንፍ ሥፍራ የሚሰጡ፣ ውሉን የሚያነቡ፣ ደንቡን የሚያጸድቁ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ክንፉና ገላው የተዋሐደው አይሮፕላን እስከ ዛሬ መንገደኛ አላመላለሰም። አንድ ቀን ቦሌ ወይም አቡሴራ ላይ ቢያርፍ ደስ ይለናል፤ ነዳጅ ለሚገዛ አገር ጥቅሙ ብዙ ነውና። ነገር ግን ሻጩን ስለ ዋጋው ከመጠየቃችን በፊት፣ በቅርጹ ምክንያት ምን እንደ ተለወጠ፣ ኮምፒዩተሩ በአብራሪው ስም ምን እንደሚያደርግ፣ ይህም ሁሉ በመመሪያው ተጽፎ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ይህን ነው። በገፈርሳ ሜዳ የተጀመረው ጉዞ በቢሾፍቱ ሜዳ ያስተማረን ትምህርት ዋጋው 157 ነፍስ ነው፤ ሁለተኛ ልንከፍለው አይገባንም።