ሊምፕ ሞድ፦ እያነከሱ መግቢያ

ሊምፕ ሞድ በአውቶማቲክ ካምቢዮ መኪኖች ላይ ያለ የጥበቃ ሥርዓት ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ካምቢዮው ላይ ችግር ሲያይ ማርሽ መቀያየሩን ያቆምና መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ፣ እንዲሄድ ያደርጋል። ዓላማው ካምቢዮው የባሰ ሳይጎዳ ባለቤቱ ቤቱ ወይም ጋራዥ እንዲደርስ ነው። በአማርኛ «እያነከሱ መግቢያ» ልንለው እንችላለን። እግሩን የተጎዳ ሰው ሩጫውን ትቶ እያነከሰ ቤቱ እንደሚገባ መኪናውም እንዲሁ ያደርጋል። በአነጋገር ደግሞ «መኪናዬ እያነከሰች ነው» ማለት ይበቃል፤ መካኒኩ ወዲያው ይረዳል። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ቃላት መለወጥ አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚግባባባቸው ናቸው።

ይህን ቃል ማወቅ በተለይ ለአርሲ ሰው ይጠቅማል። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ በጭላሎ ተራራ ሥር ያለችው አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሳጉሬን አልፎ በቆጂ የሚሄድ ሰው ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሹፌሩም ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል፤ ካምቢዮው በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ሰዓት ይሠራል።

እዚህ ላይ የካምቢዮ ዘይት ነገር ይመጣል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ቶርክ ኮንቨርተር የሚሠራው በዘይት ነው። የፍሪሲዮን ዲስኮቹን አጥብቆ ማርሽ የሚያስገባውም የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን ወደየዲስኩ የሚልኩት ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። ዳገት ላይ፣ መኪናው ሰውና ዕቃ ሞልቶ ሲወጣ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይናጣል፤ ይግላል። ያረጀ ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዲስኮቹ መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ።

ኮምፒውተሩ ወደ ካምቢዮው የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ፍጥነት ያነጻጽራል። ሁለቱ በገባው ማርሽ ምጣኔ ካልገጠሙ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ መሆናቸውን ያውቃል። በብዙ መኪኖች ላይ ያን ጊዜ የሶሌኖይዶቹን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፤ ካምቢዮውም በአንድ ማርሽ ይጸናል። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ከኢተያ በኋላ ዳገቱ ላይ ይህ የገጠመው ሹፌር ምልክቱን አይስተውም፦ ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ መኪናው ቆሞ ሲነሳ ይከብደዋል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ አይጨምርም። የኋላ ማርሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ይህ ከተከሰተ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማስነሳት ነው። ብዙ ጊዜ መኪናው ወደ ቀድሞው አካሄዱ ይመለሳል። ይህ ግን ተሻለው ማለት አይደለም፤ የብልሽቱ ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተመዝግቦ ቀርቷል። ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ነው። መኪናው ጭራሽ አልሄድ ካለ ደግሞ በገመድ ማስጎተት አይገባም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማዎቹ እየዞሩ የተጎተተ መኪና ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ አራቱንም ከመሬት አንስቶ መጫን ያስፈልጋል።

ጋራዥ ሲደርሱ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ጋሼ፣ ካምቢዮው ሄዷል» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያነከሰ ካምቢዮ ሁሉ የሞተ አይደለም። መጀመሪያ ኮዱ ይነበብ። ፒ 0700 የሚለው ኮድ የሚናገረው የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ችግር መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ የሚነግረው ከጀርባው ያለው ሌላ ኮድ ነው። ፒ 0730 የማርሽ ምጣኔ አለመግጠምን ያሳያል፤ ፒ 0740 የቶርክ ኮንቨርተሩን ፍሪሲዮን፣ ፒ 0750 ደግሞ አንድ ሶሌኖይድን ያመለክታል። ኮዱ ሳይጻፍ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው። ዘይቱ በልኩ ነው? አዲስ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ተቃጥሏል። በብዙዎቹ መለኪያ ዘንግ ባላቸው መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው፤ በአሰላ ተዳፋት ላይ የተለካ ያሳስታል። ባትሪውና ዲናሞው ደህና ናቸው? የኤሌክትሪክ ማነስ ብቻውን መኪናን ሊያስነክስ ይችላል። ሽቦና ማገናኛ አልዛገም? ሴንሰሩ፣ ሶሌኖይዱ፣ ኮምፒውተሩ ታይቷል? ካምቢዮውን ማውረድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አውቶማቲክ የቶዮታ ራቭ ፎር መኪኖች ላይ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር የመምታት ችግር ተደጋግሞ ታይቷል። የብዙዎቹ መነሻ ካምቢዮው ሳይሆን የሞተሩ ኮምፒውተር ነበር፤ ቶዮታም በአሜሪካ ለኮምፒውተሩ ዋስትናውን አራዝሟል። ኮምፒውተሩ ሳይጠገን የተነዳ መኪና ግን በኋላ ካምቢዮውም ይጎዳ ነበር። ኮምፒውተሩን ትቶ ካምቢዮ ብቻ የቀየረ ሰው አዲሱንም ለዚያው ጉዳት ይሰጠዋል።

አገራችን ውስጥ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ዓለም ይበልጥ ያስፈልጋል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ 20 ዓመት ያለፈው መኪና የብዙ ቤተሰብ ብቸኛ መኪና ሆኖ ይቆያል። ያገለገለ ካምቢዮ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚወርድ ሰው የሚያመጣው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደወጣና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ ማረጋገጥ ይቸግረዋል።

እያነከሱ መግቢያ የተሠራው ለአንድ መንገድ ነው፤ ለሳምንት አይደለም። መኪናዎ ካነከሰ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት፤ «ካምቢዮው ሄዷል» ከተባሉም ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ኮዱ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁጥሩንም ጽፈው ይያዙ።