በቅብዓት ቃል ስለ ተነሣው ክርክር፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቊጥር 38

ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ በቂሳርያ፥ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት ቆሞ ሲያስተምር፥ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስና በኀይል እንደ ቀባው ተናገረ። ቃሉ አጭር ነው፤ ለሰሚዎቹም አስቸጋሪ አልነበረም። ቆርኔሌዎስና ዘመዶቹ የተሰበሰቡት ድኅነት ለአሕዛብም ደርሶ እንደ ኾነ ሊሰሙ ነው እንጂ ስለ ባሕርይና ስለ አካል ሊመራመሩ አይደለም። ጴጥሮስም ነገሩን ገና ሳይፈጽም መንፈስ ቅዱስ በሰሚዎቹ ኹሉ ላይ ወረደ፤ በአይሁድና በአሕዛብ መካከል የነበረውም ግድግዳ በዚያ ቤት ፈረሰ። መለያየት በፈረሰበት ቤት የተነገረው ይህ ቃል፥ በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ከኹለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ መለያየት ምክንያት መኾኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ነገሩ በዚህ ስፍራ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ዳዊት በመዝሙር 44፥ ኢሳይያስም በምዕራፍ 61 አስቀድመው ተናግረውታል፤ ጌታም በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ገልጦ ይህንኑ ክፍል እንዳነበበ ሉቃስ በምዕራፍ 4 ጽፏል። ክርስቶስ የሚለው ስም ራሱ ቅቡዕ ማለት ነውና፥ ይህን ስም የሚጠራ ክርስቲያን ኹሉ ሳያውቀውም ቢኾን ስለ ቅብዓት ይመሰክራል። ዳሩ ግን በኦሪት መቀባት የሌለውን ክብር መቀበል ነበረ። አሮን ሳይቀባ ሊቀ ካህናት አልነበረም፤ ዳዊትም ሳሙኤል የዘይቱን ቀንድ እስኪያፈስበት ድረስ የእሴይ በግ ጠባቂ ነበረ። እንግዲህ ቃል ሥጋ በኾነ ጊዜ የተቀባው ምን ጐድሎት ነው? በተዋሕዶ አምላክ የኾነ ሥጋስ ከአምላክነት በላይ የሚሻው ምን ክብር አለ? ክርክሩ ኹሉ ከዚህች አንዲት ጥያቄ ወጣ።

ጥያቄዋን በሀገሩ ያከረሯት ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮማ መምህራን ናቸው። ከእነርሱ በጥበቡ የታወቀው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ገባ። ዐፄ ሱስንዮስም ትምህርቱን ሰምተው በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ በ1618 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርኩ በአልፎንሱ ፊት ለሮማ ሊቀ ጳጳስ እንዲታዘዙ ማሉ። ከዚያ አስቀድሞ በ1609 ዓ.ም. የእስክንድርያን ሃይማኖት የጠበቁት ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነት ላይ ተገድለው ነበር። የፈሰሰውም ደም እጅግ በዛ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ በወይና ደጋ የገዛ ወገናቸውን ሬሳ አይተው፥ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሮማ መምህራን ተሰደዱ፤ ጥያቄያቸው ግን አልተሰደደችም። ኹለት ባሕርይ የሚሉት ሰዎች የተዋሕዶን ሊቃውንት፥ ባሕርይ አንድ ከኾነ ቅብዓት ለምን አስፈለገ ብለው ይከራከሯቸው ነበርና፥ እነርሱ ከሄዱ በኋላ መልሱን የሚሹ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ተለያዩ።

በአንድ ወገን የቆሙት በጎጃም የበረቱት የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ናቸው። እነርሱም፥ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ነው፤ አብ ቀባኢ፥ ወልድ ተቀባኢ፥ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው አሉ፤ ስለዚህ ቅባት ተባሉ። ኹለተኞቹ ቅብዓትን ከተዋሕዶ አላስቀደሙም። በተዋሕዶ የባሕርይ ልጅ ኾነ ብለው ካበቁ በኋላ፥ ዳግማዊ አዳምና የምእመናን በኵር ይኾን ዘንድ በሥጋው መንፈስ ቅዱስን መቀበሉን የጸጋ ልደት ብለው ጠሩት፤ ከአብ ያለ እናት፥ ከድንግል ያለ አባት ከተወለደው ልደት ጋር ሦስት ልደት ማለት ነው። እነዚህ በደብረ ሊባኖስ ቤት፥ ይልቁንም በሸዋ የጸኑ ናቸው፤ ስማቸውም ጸጋ ወይም ሦስት ልደት ተባለ። ሦስተኞቹ፥ ቅብዓት ማለት ተዋሕዶ ነው፤ ለሥጋ ክብር የኾነው ቃል ራሱ ነው፤ ወልድ ቅብዕ ነው፤ ልደቱም ኹለት ብቻ ነው ብለው አስተማሩ። ሦስተኛውን ልደት ቈርጠው ጣሉት ሲሉ ባላጋሮቻቸው ካራ አሏቸው። ይህ ትምህርት በትግሬ የበረታ ነበረ፤ ኋላም ቤተ ክርስቲያን ያጸናችው እርሱን ነው።

አስተውሎ ለሚመረምር ሰው ሦስቱም ወገኖች በኬልቄዶን የተወሰነውን ኹለት ባሕርይ ይነቅፋሉ፤ ሦስቱም ዲዮስቆሮስን አባት ይላሉ፤ ሦስቱም ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን ለምስክርነት ያቀርባሉ። የማይገባው ትምህርት እንዳለባቸው ግልጥ ነው። የባሕርይ ልጅነት በቅብዓት መጣ ማለት ቃልን የክብር ምንጭ ከመኾን ያወርደዋል፤ የጸጋ ልጅ ማለትም የባሕርዩን ጌታ በጥምቀት ከተወለድነው ከእኛ ጋር ያስተካክለዋል። ነገር ግን ክርክሩን ወደ ጠብ የለወጠው ይህ ብቻ አይደለም። ቅባቱ፥ ቅብዓትና ተዋሕዶ በአንድ ቅጽበት የተፈጸሙ ናቸው፤ ሥጋ ከክብር የተለየበት ጊዜ የለም እያለ ሲምል፥ ባላጋራው፥ እንግዲያውስ ከመቀባቱ በፊት ዕሩቅ ብእሲ ነበረ ትላለህ ብሎ ያወግዘው ነበር። ሦስት ልደት ያለውም የባሕርይ ልጅነቱን አልካድኹም ሲል የሚሰማው አልነበረም። ሰው ያላለውን፥ ከነገሩ ይወጣል ተብሎ የተገመተውን በአፉ አኑሮ መገዘት በዚያ ዘመን የሊቅነት ምልክት መስሎ ነበር።

ከዚህ በኋላ የክርክሩ ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ኾነ። በጎንደር ጉባኤ ሲቆም ንጉሡ በዙፋን ይቀመጣሉ፤ ጳጳሱና እጨጌው ይገኛሉ፤ ሊቃውንቱ በየወገናቸው ቆመው መጻሕፍት ይጠቅሳሉ፤ በመጨረሻው በረታ የተባለው ወገን ትምህርት በዐዋጅ ይነገራል፥ የተረታውም ይገዘታል። ይህ ሥርዐት በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ቈስጠንጢኖስም በኒቅያ ተቀምጠው ነበርና። ነገር ግን በጎንደር ንጉሥ በተለወጠ ቊጥር ዐዋጁ ይለወጥ ጀመር። ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. በነገሡት በታላቁ ኢያሱ ዘመን ቅባቶች ተነቅፈው ነበር፤ በ1700 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎፍሎስ ግን የቅባትን ትምህርት አሳወጁ፤ በዚህም የጎጃምን ሰው ልብ አገኙ። ዐፄ ዳዊትም በዚያው ሲጸኑ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዐዋጁን አንቀበልም አሉ። ንጉሡም ወታደር ሰደዱባቸው፤ ብዙ መነኮሳት በጎንደር ተገደሉ። ዳዊት በ1713 ዓ.ም. ሞቱ፤ የዚያ ቀን ደም ግን በኹለቱ ገዳማት ልጆች መካከል ሳይረሳ ኖረ። ከዚያ ወዲህ ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲመርጥ ሀገሩንና ወገኑን ይመርጥ ነበር እንጂ ንባቡን መርምሮ የሚከተል ጥቂት ኾነ።

ይህን የሚፈርድ ጳጳስ ወዴት ነበረ? የሚል ይኖራል። ጳጳሳቱ ከግብጽ የሚመጡ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግእዝም ዐማርኛም ሳያውቁ ይደርሳሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ መንበሩ ብዙ ዓመት ባዶውን ይኖራል። አስተርጓሚ ይዞ ስለ ቅብዓት መፍረድ ምን ያህል ጭንቅ እንደ ኾነ አንባቢ ራሱ ይገምተው። በመሳፍንትም ዘመን ችግሩ በዛ። በ1834 ዓ.ም. በወጣትነታቸው የመጡት አቡነ ሰላማ ሦስት ልደትን ሲያወግዙ፥ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የደብረ ሊባኖስን ትምህርት ይደግፉ ነበር፤ አቡኑም በራስ ዐሊ ዘመን ከጎንደር ተባረው ወደ ትግሬ ሄዱ። ደጃዝማች ካሳ በአምባ ጫራ ከአቡኑ ጋር ተስማምተው ተዋሕዶን አሳወጁ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው በእርሳቸው እጅ ተቀቡ። ፍቅራቸው ግን አልዘለቀም፤ አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስር ላይ ዐረፉ።

ነገሩን የዘጋው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብጽን ጦር ድል ነሥተው ነበር፤ ድሉ ግን ሀገሩ በወገን ተከፋፍሎ እንደሚኖር በግልጥ አሳያቸው። ከውጭ የሚመጣ ጠላት በሃይማኖት የተለያየ ሕዝብ ቢያገኝ የሱስንዮስ ዘመን ይመለሳል ብለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ከታረቋቸው በኋላ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት በወሎ በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። አቡነ አትናቴዎስ በ1868 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር በሀገሩ ጳጳስ አልነበረም፤ በእርሳቸው ፈንታ ከእስክንድርያ የመጣ መልእክት ተነበበ። ስለዚህ ኹለት ነገሥታት በተቀመጡበት ጉባኤ ጳጳስ አልተቀመጠም፤ የሊቃውንቱን ክርክር ሰምተው የፈረዱት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው።

ፍርዱም ወልድ ቅብዕ፥ ልደቱም ኹለት የሚል ኾነ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። ምኒልክ ፍርዱን ተቀበሉ፤ በሸዋ ለብዙ ዘመን የኖረው ትምህርትም በዐዋጅ ተከለከለ። ትምህርታችንን አንተውም ካሉት ሊቃውንት የጥቂቶቹ ምላስ ተቈረጠ። በዚያው ጊዜ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ከመኳንንቱም ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል፥ ኢማም አመዴ ሊበንም ኀይለ ማርያም ተባሉ፤ እምቢ ያለው ግን ብዙ ስደትና መከራ አገኘው።

የቦሩ ሜዳ ውሳኔ በሃይማኖት ረገድ ርቱዕ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የምታስተምረው እርሱን ነው። ምላስ መቊረጥ ግን ከውሳኔው ጋር ተደባልቆ ሊመሰገን አይገባውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3፥ መናፍቅ አንድ ጊዜና ኹለት ጊዜ ተገሥጾ እንቢ ቢል ከእርሱ መራቅ ነው ያዘዘው እንጂ ምላሱን አጥፋ አላለም። ይህ ምላስ ደግሞ ዳዊት ይደግምበት፥ ቅዳሴ ይቀድስበት የነበረ ነው። ከኹሉም የሚከፋው፥ የተቈረጠ ምላስ ተረትቶ ዝም ያለ ይኹን ሊመልስ ሲችል የተከለከለ ይኹን የሚያስታውቅ አለመኾኑ ነው። የጸጋ ወገን በጉባኤ ቢረታ ኖሮ ደቀ መዛሙርቱ፥ መምህራችን መልስ አጣ ብለው ይመለሱ ነበር፤ በካራ ስለ ተረታ ግን ብዙዎች ለጊዜው ዝም አሉ እንጂ በልባቸው አልተመለሱም። በጎጃምም የቅባት ትምህርት በአንዳንድ አድባራት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቈየ፤ እስከ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

የሐዲስ መምህራን ግን ከዐዋጁ የተሻለ መንገድ ይዘው ኖረዋል። ወደዚህ ቊጥር ሲደርሱ ቃሉን ያነባሉ፤ ቅባቱ የሚለውን፥ ሦስት ልደት የሚለውንም በስማቸው ጠርተው ለደቀ መዝሙሩ ያሰማሉ፤ ከዚያ በኋላ ተቀባ ማለት በተዋሕዶ ከበረ ማለት ነው ብለው የእያንዳንዱን መልስ በየተራ ይሰጣሉ። ደቀ መዝሙሩም ከመቀጸሉ በፊት ሦስቱንም በቃሉ ያጠናል።