«ጋዜጣ» እና «ጋዜጣውን»

ለንግድም ሆነ ለትምህርት ወደ ኢስታንቡል ለመሄድ አስቦ ቱርክኛ የጀመረ የአዲስ አበባ ወጣት መጀመሪያ የሚያማርረው ቅጥያውን ነው። እኛ «ከ»ን ከስሙ ፊት እናስቀድማለን፤ ቱርኮች ከኋላ ይለጥፉታል። ይባስ ብሎ ቅጥያው የስሙን መጨረሻ ድምፅ እያየ መልኩን ይለውጣል፤ «ከቦሌ» «ቦሌደን»፣ «ከላሊበላ» «ላሊበላዳን»፣ «ከካዛንቺስ» ደግሞ «ካዛንቺስተን» ይሆናል። ወሎ ሰፈር ቆሞ የሚጣራ የታክሲ ረዳት «ወደ ቦሌ»ን በቱርክኛ ቢል «ቦሌዬ» ነውና፣ ተሳፋሪው ሰፈሩን ያቆላመጠለት ይመስለዋል።

ግሡም እንደዚያው ከኋላ ይረዝማል። «ኦኩዱ» አነበበ፣ «ኦኩንዱ» ተነበበ፣ «ኦኩቱ» አስነበበ ማለት ነው። እኛ በ«ተ» እና በ«አስ» ከፊት የምናደርገውን እነርሱ ከሥሩ ቀጥለው ያደርጉታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን እነዚህ የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ይገናኛሉ። «ጋዜቴ ኦኩዱ»፦ ጋዜጣ አነበበ። ጋዜጣው የታወቀ ሲሆን «ጋዜቴዪ ኦኩዱ»፦ ጋዜጣውን አነበበ። ልብ በሉ፤ ተሳቢው ካልታወቀ ቅጥያ የለም፣ ሲታወቅ በእኛ «ን» በእነርሱ «ዪ» ይመጣል። ይህን ሕግ አማርኛ አፉን የፈታ ሕፃን አይስተውም። በአፍ ያለውን ሕግ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዕድ ሲጠይቀን ነው የምናየው።

አማርኛ ይህ ጥያቄ የገጠመው በጀርመን አገር ነበር። ተጠያቂው አባ ጎርጎርዮስ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሂዮብ ሉዶልፍ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው በቤተ መንግሥቱ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። መግባቢያቸው ግዕዝ ነበር። በግዕዝ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» ይሆናል፤ ይህን የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛ ግን የቤትና የገበያ ቋንቋ ነው። ጠያቂው በላቲን ሰዋስው ሚዛን እየመዘነ «ለምን እንዲህ ይባላል?» ሲል፣ «እንዲህ ስለሚባል ነው» ከማለት ሌላ ምን መልስ ይኖራል? መልሱ የተገኘው መነኩሴው ደጋግመው በመናገራቸውና ሉዶልፍ በመጻፉ ነው። በእኔ አስተያየት የሥራው እኩሌታ የእሳቸው ነው። ሉዶልፍም ውለታቸውን አልደበቀም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕላቸውን ጭምር አውጥቷል። የሰዋስው ደራሲ ተብሎ የሚጠራው ግን እሱ ብቻ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ያን መጽሐፍ አላዩትም። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ በ1658 መርከባቸው በኢስክንድሩን አቅራቢያ ተሰብሮ ሰጠሙ። ኢስክንድሩን ያኔ የኦቶማን ቱርኮች ወደብ ነበረች፤ ዛሬም የቱርክ ከተማ ናት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ የታተመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 ነው።