የገና ጨዋታ ብሽሽቅ

በገና ጨዋታ የሚፋለሙ ወገኖች በግጥም የሚለዋወጡት ፌዝና ዘለፋ። ጨዋታው በልደት (ታኅሣሥ 29፤ በዘመነ ዮሐንስ 28) ሰሞን ይካሄዳል፤ መንደር ከመንደር ገጥሞ ሩሯን (የጨዋታውን ኳስ) ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ወደ ተቃራኒው ወሰን ይመታል።

ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸናፊውን መልክ፣ ቁመትና ስስት እያነሳ ያበሻቅጣል። የብሽሽቁ ትልቁ ነገር ግን ነፃነቱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ አሽከር በዚያ ቀን ጌታውን በሜዳ ይጋፋ፣ በግጥም ይነካ ነበር። ጌታው መቆጣት አይገባውም ነበር። ይህ ፈቃድ በቃል ግጥማችን ውስጥ ላለው ድፍረት ትልቅ ባለውለታ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በእግር ኳስ ሜዳ በዜማ የሚወራወሩት ለከፋም የዚሁ ልማድ ዘመድ ይመስላል።