የመኖሪያ ብቁነት ዋስትና (ዋሺንግተን ዲሲ)

የመኖሪያ ብቁነት ዋስትና ማለት በኪራይ ውሉ ላይ ባይጻፍም እንኳ፣ የመኖሪያ ቤት አከራይ ቤቱን ለሰው መኖሪያ በሚበቃ ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ አለበት የሚል የሕግ መርሕ ነው። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን ዲሲ መርሑ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1970 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በዚህ መሠረት አከራዩ አስፈላጊውን ጥገና ካላደረገ፣ ተከራዩ ሙሉውን ኪራይ ለመክፈል ላይገደድ ይችላል። ዋሺንግተንና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም አገልግሎት ይሰጣሉ።

ታሪክ

ከእንግሊዝ የተወረሰው የቆየ የኪራይ ሕግ የእርሻ መሬትን መነሻ ያደረገ ነበር። ገበሬው በዋናነት የሚከራየው መሬቱን ነው፤ በላዩ ያለውን ጎጆ ራሱ ሊጠግነው ይችላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ስለዚህ አከራዩ የጥገና ግዴታ አልነበረበትም፤ ጣሪያው ቢያፈስም ኪራዩ ይከፈል ነበር።

በ1960ዎቹ ይህ ልማድ በዲሲ ፍርድ ቤቶች ተፈተነ። ኢቮን ኤድዋርድስ የተባለች ተከራይ ስለ ቤቷ ጉድለት ለከተማዋ ባለሥልጣናት አመለከተች። ተቆጣጣሪዎች ከ40 በላይ የደንብ ጥሰቶችን አገኙ፤ አከራዩ ግን ቤቱን እንድትለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968፣ አቤቱታ ስላቀረበች ለመበቀል ሲባል ተከራይን ማስለቀቅ አይቻልም ሲል ወሰነ።

ሁለተኛው ዋና ጉዳይ የክሊፍተን ቴራስ አፓርታማዎች ነው። አከራዩ የእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1966 ኪራይ አልከፈሉም ያላቸውን ተከራዮች እንዲለቁ ከሰሰ። ተከራዮቹ አለመክፈላቸውን አምነው፣ በሕንፃዎቹ ወደ 1,500 የሚጠጉ የቤቶች ደንብ ጥሰቶች መኖራቸውን እናስረዳለን አሉ። የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃውን አልቀበልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን ዳኛ ስኬሊ ራይት የጻፉት ውሳኔ ይህን ሻረ። በውሳኔው መሠረት የከተማ ተከራይ የሚፈልገው መሬት ሳይሆን ግድግዳና ጣሪያ፣ ሙቀት፣ መብራት፣ የሚሠራ ቧንቧና የሚዘጋ በር ያለው መኖሪያ ነው። ተከራዩ ይህን መብቱን በውል መተው አይችልም።

ዋስትናው የሚሸፍነው

መለኪያው የከተማዋ የቤቶች ደንብ ነው። ለምሳሌ አከራዩ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር ከሆነ፣ በቅዝቃዜው ወራት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ማታ 5፡00 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቤቱ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀሩት ሰዓታት ደግሞ 65 ዲግሪ ፋራናይት ሊሞቅ ይገባል። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተበላሸ ቧንቧ እንዲሁም አይጥና በረሮ በዚሁ ይካተታሉ። ለመኖር የማያስቸግር ጥቃቅን ጉድለት ወይም ተከራዩ ራሱ ያበላሸው ነገር ግን ኪራይ ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም።

የተከራይ አማራጮች

ቁጥጥር ማስደረግ፦ ተከራዩ ለከተማዋ የሕንፃዎች መምሪያ አመልክቶ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ መጠየቅ ይችላል። ጥሰት ከተገኘ መምሪያው አከራዩ እንዲያስተካክል ያዛል። የቁጥጥሩ ሰነድም በኋላ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል።

ጥገና እንዲታዘዝ መክሰስ፦ የዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የቤቶች ሁኔታን ብቻ የሚመለከት ልዩ ችሎት አለው። ችሎቱ በዋናነት ጥገና እንዲደረግ ያዛል። ተከራዩ ኪራይ መክፈሉን ሳያቋርጥ ስለሚከስ፣ ቤቱን የማጣት ስጋቱ ኪራይ ከመያዝ ያነሰ ነው።

ኪራይ መያዝ፦ ተከራዩ ኪራዩን ካልከፈለ አከራዩ የማስለቀቅ ክስ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዋስትናው በዚህ ክስ መከላከያ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ከኪራዩ ምን ያህሉ እንደሚቀነስ ይወስናል። ከፊሉ ብቻ ከተቀነሰ ተከራዩ ቀሪውን ከፍሎ በቤቱ ይቆያል። ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ፍርድ ቤቱ ኪራዩ በእሱ ዘንድ እንዲቀመጥ ሊያዝ ስለሚችል፣ የተያዘውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ተከራይ ትክክለኛ አቤቱታ እያለው ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

የኪራይ ቁጥጥር አቤቱታ፦ የኪራይ ቁጥጥር በሚመለከተው ቤት የሚኖር ሰው አገልግሎት ሲቋረጥበት ወይም ሲቀንስበት ኪራዩ እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል።

በሁሉም መንገድ ማስረጃ ወሳኝ ነው። ለአከራዩ በጽሑፍ የተላከ ጥያቄ፣ ቀን ያለው ፎቶግራፍና የክፍያ ደረሰኝ በቃል ከተነገረ ቅሬታ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ከበቀል መጠበቅ

ተከራዩ ጥገና በጠየቀ ወይም ባመለከተ በ6 ወር ውስጥ አከራዩ ኪራይ ቢጨምር ወይም ለማስለቀቅ ቢሞክር፣ ሕጉ ድርጊቱን እንደ በቀል ይገምተዋል፤ በቀል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ በአከራዩ ላይ ይወድቃል። አከራዩ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃ አውጥቶ መጣል አይችልም። የከተማዋ የተከራይ ተሟጋች ጽሕፈት ቤት ለተከራዮች የሕግ ምክር ይሰጣል።

በሌሎች ግዛቶች

መርሑ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተስፋፍቷል፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1974 በፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ1975 በሕግ ተቀብለውታል። ዝርዝሩ ግን ይለያያል። በካሊፎርኒያ ተከራዩ ለአከራዩ አስታውቆ ምላሽ ካጣ፣ ራሱ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ መቀነስ ይችላል፤ ይህም ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥና በ12 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይሆን ተገድቧል።