ከዳዊት ደጋሚ እስከ አራት ዓይና

ባለፈው ሳምንት ሲቪዬን ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። ገና ከላይ ሲያየው ሳቀ። "ዲግሪ ይዘሽ ይቺ ዲፕሎማ ምን ታደርግልሻለች? አውጫት!" አለኝ። ጋዜጠኝነት ከመማሬ በፊት ሁለት ዓመት የለፋሁባት ዲፕሎማ ናት። እሺ ብዬ ሰረዝኳት፤ ግን ከነከነኝ። ለምን እንደከነከነኝ የገባኝ አያቴ ትዝ ሲሉኝ ነው።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ስለ አንድ ሊቅ ሲያወሩ ስሙን ብቻ ጠርተው አያልፉም። "ድጓውን ቤተልሔም ያስመሰከረ፣ ቅኔውን ዋሸራ የተቀኘ፣ አቋቋሙን ጎንደር በኣታ የዘለቀ..." እያሉ የመጣበትን መንገድ በሙሉ ይቆጥሩታል። ልጅ ሆኜ አሰልቺ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሰውየውን ሲቪ እያነበቡልኝ ኖሯል!

እስቲ ወዳጆቼ፣ የአብነት ትምህርት ቤታችንን በዚህ በኩል እንየው። ፊደል ቆጥሮ፣ ወንጌለ ዮሐንስን አንብቦ ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ቤትን ጨረሰ ይባላል። አቅም ያለው ወላጅ ይደግስለታል። ልጁ ከዚያ ወደ እርሻው ቢመለስ ማንም "ትምህርቱን አቋረጠ" አይለውም። ዳዊት ደጋሚ ነው፤ በቃ። መንደሩ የሚነበብ ነገር ሲመጣለት የሚጠራው እሱን ነው።

ልግፋ ያለ ዜማ ቤት ይገባል። እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ተማሪው ድጓውን የትም ይማረው የት፣ በመጨረሻ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር አለበት። ገና ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ድጓውን ራሱ በእጁ ገልብጦ፣ ተሸክሞት ሄዶ፣ ከቤተልሔሙ ጋር እያስተያየ ያርም ነበር። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ምስክሩ ዙር አምባ ነው፤ አቋቋም በኣታ፤ ቅዳሴ ደብረ ዓባይ ወይም ሰሌልኩላ። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ምስክር ቤት አለው ማለት ነው። (ሰርተፍኬትን "የምስክር ወረቀት" ስንል ምስክሯ የት እንደቀረች ጠይቀን እናውቃለን?) ቤተልሔም ሳይደርስ "አስመስክሬያለሁ" ያለ ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይም። አንድ የበዓል ማኅሌት ላይ "እስቲ ምራ" ከተባለ ጉዱ ይፈላል።

ቅኔውንም ጨርሶ መጻሕፍት ቤት የገባ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ከነትርጓሜያቸው ይማራል። አራቱንም የዘለቀ "አራት ዓይና" ይባላል፤ የጎንደሩ አራት ዓይና ጎሹ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚሁ ማዕረግ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ስያሜው ነው። ትልቁ ማዕረግ ራሱ ቆጠራ ነው! "ዶክተር" ሲባል ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ "አራት ዓይና" ግን አራቱንም በስሙ ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ሙያ ለቀየሩትም ማዕረጉ አብሯቸው ይሄዳል። በ1939 ዓ.ም. ያረፉትን ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤን ሁላችንም የምናውቃቸው "ቀኝ ጌታ" ብለን ነው። ቀኝ ጌታ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ነው፤ በማኅሌት የቀኙን ወገን የሚመራው ማለት ነው። ቴአትር መጻፋቸው የደብረ ኤልያሱን ትምህርታቸውን አላስሰረዛቸውም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ (ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ) ምስክሩ ወረቀት ሆነ። ወረቀት ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ይውጠዋል። አክስቴ በቲቲአይ ሰርተፍኬት ማስተማር ጀምራ፣ ክረምት ክረምት እየተማረች ዲፕሎማ፣ ቀጥሎም ዲግሪ ያዘች። ሳሎኗ ውስጥ የተሰቀለው ግን የዲግሪው ፎቶ ብቻ ነው። አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች እኮ የሰርተፍኬቷ ልጆች ናቸው።

የአክስቴስ ይሁን። የሰፈራችን አንድ ልጅ ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ አባቱ ሞተውበት ወጣ። በእጁ ያለው ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው። ሥራ ሲፈልግ ሲቪው ላይ "12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ" ብሎ ይጽፋል። "ሦስቱ ዓመትስ?" ስለው "ያላለቀ ነገር አይጻፍም" አለኝ። ያ ልጅ ዜማ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጾመ ድጓውን የሚያውቅ ሰው ተብሎ አንድ ደብር ባስጠጋው ነበር።

እርግጥ ሁሉ ይጻፍ አልልም። የሦስት ቀን ወርክሾፕ ሰርተፍኬት ደርድሮ አራት ገጽ የሚሞላ ሰው አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ ጓደኛዬ እውነቱን ነው። እሱ ሻይ የተጠጣበት ነው እንጂ የተለፋበት አይደለም።

የኔዋን ዲፕሎማ ግን ትናንት ማታ መልሼ አስገባኋት። ሲቪው ወደ ሁለተኛ ገጽ አለፈ። ለሰፈራችን ልጅም ሦስቱን ዓመት ከነትምህርት ክፍሉ ጻፍ ብዬዋለሁ፤ እስካሁን አልጻፈም።