አምስቱ በሮች፦ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና የልጆች ጥበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ልጄ በስልኩ ምን እንደሚያይ እንዴት ልወቅ?» የሚለው የወላጆች ጭንቀት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ይመስላችኋልን? ስሩ ግን ጥንታዊ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለዚሁ ለወላጆች በሰፊው ጽፏል።

የተወለደባት አንጾኪያ ከሮም ግዛት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ቲያትር ቤቷና የፈረስ መሽቀዳደሚያዋ ሕዝቡን ይስቡት ነበር፤ ቅዱሱም ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደዚያ በሚሮጡ ምእመናን ደጋግሞ አዝኗል። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ አንቱሳ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ381 ዲቁናን፥ በ386 ቅስናን ተቀበለ። ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን በብራና ብቻ ቆይቶ በ1656 በፓሪስ ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ የሕፃኑን ነፍስ አዲስ በተቆረቆረች ከተማ ይመስላታል። በሮቿም አንደበት፥ ጆሮ፥ አፍንጫ፥ ዓይንና መዳሰስ ናቸው። በጆሮ በር የአገልጋዮች ከንቱ ተረት እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። የዓይንን በር ግን ከሌሎቹ የተዋበ፥ ለመጠበቅም አስቸጋሪ ይለዋል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ካለ፥ ዛሬ ምን ባለ ነበር!

አስተውሉ፤ «በሩን ዝጉ» ብሎ ብቻ አላቆመም። ልጁን ከቲያትር ስትከለክሉት ሰማዩን፥ ፀሐዩን፥ የምድርን አበቦች፥ ያማሩ መጻሕፍትን አሳዩት ይላል። ዱላንም ማዘውተር አይወድም፤ ዘወትር የሚመታ ልጅ ዱላውን መናቅ ይለምዳልና። ከሁሉ ደስ የሚለኝ የማታው ትምህርት ነው፦ አባት በእራት ሰዓት የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ይነግረዋል፤ በሌላ ማታ ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርክ ይጠይቀዋል። ልጁ ያንን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ በሰማ ጊዜ ከሌሎች ቀድሞ ያውቀዋልና ሐሴት ያደርጋል።

ይህን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። ወላጆቼ «አንተ ተምረሃል» ብለው የታናሽ ወንድሜን ስልክ እንድቆጣጠር አደራ ሰጥተውኝ ነበር። እኔም የይለፍ ቃል አበጀሁ፥ ሰዓት ገደብሁ፥ አንዳንድ መተግበሪያዎችንም አጠፋሁ። ሳምንት ሳይሞላ በጓደኛው ስልክ ሲያይ ተገኘ። ተቆጣሁት። እርሱም «አንድ ቀን እንኳ ምን እንደማይ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁልፉን እንጂ በረኛውን አላሰብሁም ነበር።

ወላጆች ሆይ፥ ገደቡን አታንሡ አልላችሁም፤ እኔም አላነሣሁትም። ስልኩ ሌሊት በሳሎን ያድራል። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ እርሱ በሳምንቱ ያየውን ያሳየኛል፥ ያልገባውንም ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ታሪክ እነግረዋለሁ። አቤልን ጨርሰን ያዕቆብና ዔሳው ላይ ደርሰናል፤ ባለፈው ሳምንት እናታችንም ወንበሯን አቅርባ ተቀመጠች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር